ልጅ የማን ነው? የወላጅ መብትና የልጅ መብት



በጅዳም ሆነ በመካ፣ ሂንዳዊያ ውስጥ በዕረፍት ቀን ስንገናኝ ከደመወዝና ከኢቃማ ቀጥሎ የሚነሳው የልጅ ነገር ነው። አንዷ ልጇን ለእናቷ፣ ሌላዋ ለእህቷ ትታ መጥታለች። «አባትየው ልጁን ልውሰድ ቢል ይችላል ወይ?» «አገሬ ስገባ እህቴ ልጄን ብትከለክለኝስ?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የአገራችን ሕግ ምን እንደሚል በአጭሩ እናያለን።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አባትና እናት በትዳር ላይ ሳሉ 18 ዓመት ላልሞላው ልጃቸው በጋራ ሞግዚትና አሳዳሪ ናቸው ይላል። አንዱ ቢሞት ኃላፊነቱ የቀሪው ይሆናል። ቢፋቱ ደግሞ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ቀለቡን፣ ትምህርቱንና ጤናውን፣ እንዲሁም ወላጅና ልጅ እንዴት እንደሚጠያየቁ ፍርድ ቤት ይወስናል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል።

ታዲያ የወላጅ መብት ገደብ የለውም ማለት ነው? አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፍርድ ቤቶችና ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ስለ ሕፃናት ሲወስኑ የሕፃኑን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል።

ሁለቱ ሲጋጩ የሚሆነውን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አሳይቷል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። አባትየው በሕይወት ያለው ወላጅ እርሱ በመሆኑ ሞግዚትነቱ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ፈቀዱለት። ሰበር ችሎቱ ግን ውሳኔያቸውን ሻረ። ወላጅ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው አለ። ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየ አባት ስሙን ብቻ ይዞ ቢመጣ ልጁን እንዲሁ አይረከብም። ሁለተኛው መራራ ነው፤ ያው ሚዛን እናትንም ይመዝናል። ለልጅ እንጀራ ብሎ መሰደድ ልጅን መጣል አይደለም። ነገር ግን ክርክር ሲነሳ ዳኛ ማስረጃ ይጠይቃል። በመሆኑም የሚከተሉትን እንመክራለን፦

• ለልጁ የላካችሁትን ገንዘብ የሐዋላ ደረሰኝ አትጣሉ፤ በአንድ ቦታ አስቀምጡ።

• ልጁን ለያዘችው እናት ወይም እህት፣ በትምህርት ቤትና በሐኪም ቤት እንዳትቸገር፣ ጅዳ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት በኩል ውክልና ስጡ።

• ከአባትየው ጋር ስለ ቀለብና ስለ መጠያየቅ በቃል የተስማማችሁትን በጽሑፍ አድርጉት። ካልተስማማችሁ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት እንጂ ለጉልበት አትተዉት።

• ማዳም ስልክ ብትከለክል እንኳ በዕረፍት ቀናችሁ ደውሉ። ከአሳዳጊው ጋር ብቻ ሳይሆን ከልጁም ጋር ተነጋገሩ፤ ድምፃችሁን ይልመድ።

አገራችሁ ስትገቡም ልጁን ከለመደው ቤት በአንድ ቀን አትንጠቁት። «እናትህ ነኝ» ማለት የእናንተ መብት ነው። ያሳደገችውን አያቱን ሳያጣ ቀስ ብሎ እናንተን መልመድ ደግሞ የእርሱ መብት ነው።