ድራይቨር በጎልፍ ጨዋታ ምን ሚና አለው?

“ድራይቨር” የሚለው ቃል ሲነሳ አብዛኛው ሰው መሪ የጨበጠ ሹፌርን ያስባል። በጎልፍ ሜዳ ላይ ግን ቃሉ የሚጠራው ሰውን ሳይኾን ዱላን ነው፤ ተጫዋቹ ከያዛቸው ዱላዎች ሁሉ ረጅሙንና ኳስን እጅግ አርቆ የሚልከውን።

ጎልፍ በኢትዮጵያ በስፋት የሚዘወተር ስፖርት አይደለም። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በየካ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ቅጥር ግቢ ውስጥ ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ይገኛል። ቦታው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ለኤምባሲው የተሰጠ ነው።

ኾኖም ኳስን በዱላ መምታት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ሰሞን ወጣቶች ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር ይመታሉ። ልዩነቱ በገና ጨዋታ ሁለት ቡድኖች ለአንድ ሩር ሲሻሙ፣ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ መምታቱ ነው። ኳሱን በቅደም ተከተል በሁሉም ጉድጓዶች አስገብቶ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ሙሉ ጨዋታ 18 ጉድጓዶች አሉት።

ድራይቨር አርቆ የሚልከው ለምንድን ነው?

አንድ ተጫዋች ይዞ መግባት የሚችለው ቢበዛ 14 ዱላዎችን ነው። ከእነዚህ መካከል ድራይቨር ብዙውን ጊዜ 114 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ርዝመቱ ፍጥነትን ይወልዳል። ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅ አርሶ አደር ይህን በወንጭፉ ያውቀዋል፤ የወንጭፉ ገመድ ሲረዝም ድንጋዩ በበለጠ ፍጥነት ይወረወራል።

ሁለተኛው ምክንያት የዱላው ፊት ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ወደ ኋላ የሚያጋድለው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ብቻ በመኾኑ ኳሱን ወደ ሰማይ ከማጉነን ይልቅ ወደ ፊት ይገፋዋል። ሦስተኛው የዱላው ራስ ነው። ቀድሞ ከጠንካራ እንጨት ይሠራ የነበረው ራስ ዛሬ በአብዛኛው ቀላልና ጠንካራ ከኾነው ቲታኒየም ይሠራል። ውስጡ ክፍት ሲኾን መጠኑም ከ460 ሴንቲ ሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ደንቡ ይከለክላል።

ድራይቨር በአብዛኛው የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ምት ነው። በዚህ ጊዜ ኳሱ “ቲ” በተባለች ትንሽ ችካል ላይ ይቀመጣል። ተጫዋቹም ዱላው ዝቅተኛውን ቦታ አልፎ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር ኳሱን ይመታል።

የአዲስ አበባ አየር ምን ያደርጋል?

የቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አውሮፕላኖች ለመነሳት ረጅም ሜዳ መንደርደር የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው። ለአውሮፕላን ሸክም የኾነው ስስ አየር ለጎልፍ ኳስ ግን እፎይታ ነው፤ ወደ ኋላ የሚይዘው ኀይል ስለሚቀንስ ኳሱ ከ8 እስከ 10 በመቶ ገደማ ርቆ ይጓዛል። በባሕር ዳርቻ 200 ሜትር የሚሄድ ምት በአዲስ አበባ ወደ 218 ሜትር ሊጠጋ ይችላል።

ርቀት ግን ብቻውን ድል አይደለም። የመጀመሪያው ትልም ትንሽ ሲጣመም ማሳው ጫፍ ላይ ምን ያህል እንደሚስት አራሽ ያውቃል። በ5 ዲግሪ የተሳሳተ ምት 200 ሜትር ላይ ሲደርስ ከታለመለት ቦታ 17 ሜትር ገደማ ይርቃል። በዛፎች በታጠረ ጠባብ ሜዳ ይህ ኳሱን ለማጣት በቂ ነው። ኳሱ ከጠፋ ተጫዋቹ አንድ የቅጣት ምት ተቆጥሮበት ወደ መነሻው ይመለሳል። ቀጣዩ ምቱም ሁለተኛ ሳይኾን ሦስተኛ ኾኖ ይቆጠራል።

ቁጥሮቹም ይህንኑ ያስረዳሉ። በተለመደ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ የሚጠበቀው ውጤት 72 ምት ነው። አራቱ ጉድጓዶች አብዛኛውን ጊዜ አጫጭር ስለኾኑ ድራይቨር የሚያስፈልገው ቢበዛ 14 ጊዜ ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ኳሱን በዝግታ ለማንከባለል ግን በስሌቱ መሠረት 36 ምት ይመደባል፤ ይህም የጠቅላላው ግማሽ ነው።

ስለዚህ የድራይቨር ሚና ጨዋታውን መጨረስ ሳይኾን መንገዱን መክፈት ነው። ሜዳው ሰፊና ረጅም ሲኾን ቀጣዩን ምት ያቀልላል። ሜዳው ሲጠብ ደግሞ አስተዋይ ተጫዋች ድራይቨሩን በቦርሳው ትቶ አጠር ያለ ዱላ ይመርጣል፤ ኀይሉን የሚቆጥብበትን ቦታ ማወቁም የችሎታው አካል ነው።