ያገለገለ ሲዲ ማጫወቻ፡- አቧራ ነው ወይስ ብልሽት?

ያገለገለ የቤት ሲዲ ማጫወቻ ሲሸጥና ሲገዛ ዋጋውን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፡፡ «አያነብም» የተባለው ዕቃ ቆሽሾ ነው ወይስ ሞቶ? ልዩነቱ ከውጭ አይታይም፡፡ የቆሸሸውን ለመመለስ ጥጥና ጥቂት ጠብታ አልኮል ይበቃል፡፡ የሞተው ግን የሌዘር ክፍሉ ካልተለወጠ ከመለዋወጫነት አያልፍም፡፡ ይህን የማይለይ ሻጭ ደህናውን ዕቃ በርካሽ ይለቃል፤ የማይለይ ገዢም ለሬሳ የሕያው ዋጋ ይከፍላል፡፡

ሶኒና ፊሊፕስ በጋራ የሠሩት ሲዲ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1982 ነው፡፡ መሠረታዊ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም፡፡ ለዓይን የማይታይ የሌዘር ጨረር በትንሽ ሌንስ አልፎ፣ ዙሮቹ በ1.6 ማይክሮ ሜትር የሚራራቁትን ጥምዝ መስመር ከመሐል ወደ ዳር ያነባል፡፡ ሌንሱ ላይ የተኛ አቧራ፣ የሲጋራና የዕጣን ጢስ ወይም የወጥ ቤት ቅባት ብርሃኑን ያደክመዋል፡፡ ዕቃው መዝለል የሚጀምረውም በዚህ ጊዜ ነው፡፡

ምርመራው ከሲዲው ይጀምራል፡፡ አንዱ ሲዲ ብቻ ከዘለለ ጥፋቱ የሲዲው ነው፡፡ ሲዲ ሲጠረግ ደግሞ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እንጂ በክብ መሆን የለበትም፤ መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ማጫወቻው ራሱ ሊያርመው ከሚችለው በላይ ይሆናልና፡፡ በቤት የተቀዱ ሲዲዎች ብርሃን የመመለስ አቅማቸው አነስተኛ በመሆኑ አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻዎች አይቀበሏቸውም፡፡ ስለዚህ መፈተኛው ዋናው የፋብሪካ ሲዲ ነው፡፡

ሁሉም ሲዲ ከዘለለ ወደ ሌንሱ ይኬዳል፡፡ በመጀመሪያ ዕቃው ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፡፡ ክዳኑ በካቻቢቴ ከተፈታ በኋላ ምስር የምታክለው ሌንስ ትታያለች፡፡ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ በነካ ጥጥ ሳይጫኑ ማበስና እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፡፡ ሌንሷ በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ የተንጠለጠለች ስለሆነች ኃይል አትችልም፡፡ ሽቶ፣ ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፕላስቲኩን ያበላሻሉ፤ በአፍ መንፋትም ምራቅ ያሳርፍባታል፡፡ ክዳኑ ተከፍቶ ዕቃውን ማብራትና ሌንሷን ማየት ደግሞ ለዓይን አደገኛ ነው፡፡

ትሪው አልከፈት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የላላ የላስቲክ ቺንጋ ነው፡፡ ሌዘሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ የደረቀ ግራሶ ካለም ተጠርጎ ለፕላስቲክ የሚስማማ ግራሶ በስሱ ይቀባል፡፡ የምግብ ዘይት አቧራ ስለሚሰበስብ ችግሩን ያባብሰዋል፡፡

ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ዘዴ አለ፡፡ በብዙ ማጫወቻዎች የሌዘር ክፍል ላይ የኃይል ማስተካከያ ትንሽ ብሎን ትገኛለች፡፡ እሷን በማዞር የደከመን ሌዘር ተጨማሪ ኃይል ሰጥቶ ለጊዜው ማስነበብ ይቻላል፡፡ ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተቀሰቀሰ ሌዘር ዕድሜው ያጥራል፡፡ በሻጩ ጠረጴዛ ላይ ያዜመው ዕቃ በገዢው ቤት ዝም የሚለውም አንዳንዴ በዚህ ሳቢያ ነው፡፡

መከላከያው ትዕግሥት ነው፡፡ አንድ ዘፈን ሰምቶ መክፈል አይበቃም፡፡ 70 ደቂቃ ያህል የሚረዝም ሲዲ እስከ መጨረሻው ቢጫወት፣ ዕቃው ሲሞቅም፣ ሌዘሩ ወደ ዳር ሲደርስም ይታያል፡፡

የቮልቴጅ ጽሑፉም ከጀርባ መነበብ አለበት፡፡ ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት ይላል፡፡ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት በመሆኑ፣ መቀየሪያ የሌለውን ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት ማቃጠል ነው፡፡ ስለዚህ ከዘመድ በስጦታ የመጣም ቢሆን የትራንስፎርመሩ ዋጋ ከሒሳቡ ውስጥ ይግባ፡፡

እንግዲህ ሻጭ ከመተመኑ በፊት ሌንሱን ቢያጸዳ፣ ገዢም ከመክፈሉ በፊት ሲዲውን እስከ መጨረሻው ቢያዳምጥ፣ የሚከራከሩት በግምት ሳይሆን በሚያውቁት ዕቃ ላይ ይሆናል፡፡