ጆሮን ከጩኸት መጠበቅ፦ ከአብራሪዋ ማዳመጫ እስከ ወፍጮ ቤት

ዓይን ብርሃን ሲበዛበት ቆቡን ይከድናል። ጆሮ ግን መክደኛ የለውም፤ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ስለዚህ በሥራው ጠባይ ከጩኸት ጋር የሚውል ሰው ለጆሮው መከለያ ሊፈልግለት ይገባል። በዚህ ረገድ ብዙ ከታሰበላቸው ሠራተኞች መካከል አውሮፕላን አብራሪዎች ይገኛሉ። በዛሬው ጽሑፋችን አንዲት አብራሪ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ድምፅ አጥፊ ማዳመጫ ስትመርጥ ምን ምን እንደምትመለከት እንገልጻለን። ቀጥሎም ይኸው ምርጫ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከተሞች በሞተር ወፍጮ አጠገብ ለምትውለው እናት ምን ትምህርት እንደሚሰጥ እንመለከታለን።

ጩኸት ጆሮን እንዴት ይጎዳል?

ድምፅ የጆሮን ታምቡር መትቶ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሲያልፍ፣ በዚያ የሚገኙ እጅግ ረቂቅ ፀጉር መሰል ሕዋሳት እንቅስቃሴውን ተቀብለው በነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ያደርሱታል። እነዚህ ሕዋሳት በአንድ ጆሮ ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ በጩኸት ብዛት አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ ተመልሰው አይተኩም። ጉዳቱ ቀስ በቀስ ስለሚመጣና ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ቶሎ አይታወቅም። በመጀመሪያ ቀጫጭን ድምፆች ይጠፋሉ፤ የልጅ ንግግር ይደበዝዛል፤ ማታ ጋደም ሲሉ ጆሮ ጭው ይላል።

የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው። የሥራ ጤና ባለሙያዎች ያለ መከላከያ በ85 ዴሲቤል ጩኸት ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መዋል እንደማይገባ ይመክራሉ። ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጊዜው በግማሽ መቀነስ አለበት። ይኸውም በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት ብቻ ማለት ነው። መለኪያ የሌለው ሰውም ቀላል መገመቻ አለው። እጅ ቢዘረጋ ከሚደረስበት ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ፣ የሥራ ቦታው ከ85 ዴሲቤል ሳያልፍ እንዳልቀረ ይቁጠረው።

የአብራሪዋ ምርጫ

በአገራችን ሴቶች አውሮፕላን ማብረር የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በ1920ዎቹ ዓ.ም. በረራ ተምረዋል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ማዕረጉን ያገኙት በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. አየር መንገዱ በሴቶች ብቻ የተካሄደ በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ አድርጓል። እንዲህ ባለው ረጅም ጉዞ አብራሪዋ የሞተሩንና የነፋሱን ጉምጉምታ ችላ፣ ከመሬት የሚተላለፍላትን መልእክት አንድም ቃል ሳታጎድል መስማት ይኖርባታል።

ለዚህ የሚረዳው ድምፅ አጥፊ ማዳመጫ የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። በማዳመጫው ላይ ያለ ትንሽ ማይክሮፎን የሞተሩን ድምፅ ይቀበላል፤ መሣሪያውም ለዚያ ድምፅ ተቃራኒ የሆነ ሞገድ ያመነጫል። በር ከሁለት ወገን እኩል ቢገፋ እንደማይንቀሳቀስ ሁሉ፣ ሁለቱ ሞገዶች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጂና ዬገር የተባለች ሴትና ዲክ ሩታን ቮዬጀር በተባለው አውሮፕላን ሳያርፉና ነዳጅ ሳይጨምሩ በ9 ቀን ዓለምን ሲዞሩ፣ ጆሯቸውን የጠበቁት በጊዜው ገና በሙከራ ላይ በነበረ በዚህ ዓይነት ማዳመጫ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላም ለአብራሪዎች የተዘጋጀው ለገበያ ቀረበ።

ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት የምትመርጥ አብራሪ የሚከተሉትን ትጠይቃለች።

አንደኛ፣ የምትሠራበት ቦታ ምን ያህል ይጮኻል? ቀለል ያሉት የውስጥ ማዳመጫዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚስማሙት የአብራሪው ክፍል ጸጥ ላለበት የጄት አውሮፕላን ነው። ጩኸታቸው ለሚበረታ አነስተኛ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ብዙዎች ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ይመርጣሉ።

ሁለተኛ፣ በልኳ ነው ወይ? የሴቶች የጆሮ ቀዳዳ በአማካይ ከወንዶች ጠበብ ያለ በመሆኑ፣ ጫፉ በየልኩ የሚለዋወጥ መሆን አለበት። ክፍተት ካለ ጩኸቱ በዚያው ይገባል። ሸፋኙ ዓይነት በመነጽር፣ በጉትቻ ወይም በሹሩባ ምክንያት ክፍተት ሊፈጠርበት ሲችል፣ የውስጡ ከዚህ ነፃ ነው።

ሦስተኛ፣ ለሰዓታት ቢደረግ ያሳምማል ወይ? የሚያሳምም መከላከያ ይወልቃል፤ የወለቀ መከላከያ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

አራተኛ፣ ባትሪው ቢያልቅ ንግግር መስማት ይቻላል ወይ? ድምፅ ማጥፊያው ቢቆምም የሬዲዮው ግንኙነት ሊቋረጥ አይገባም። መሰኪያውም ለአውሮፕላኑ የሚስማማ መሆን አለበት።

አምስተኛ፣ ንጽሕናው ነው። ጫፉ በየጊዜው ከኩክ መጽዳት ይገባዋል፤ ከሌላ ሰው ጋር አይዋዋሱትም፤ ጆሮ ሲመግልም አይደረግም።

ከአውሮፕላን ወደ ወፍጮ ቤት

እነዚህ ጥያቄዎች ለምድር ሥራም ያገለግላሉ። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ፣ የደጋው ገብስም ሆነ የቆላው ጤፍና ማሽላ ዱቄት የሚሆነው በሞተር ወፍጮ ነው። የሞተር ወፍጮ ሴቶችን ሌሊት ተነሥቶ ከመጅ ጋር ከመታገል ያሳረፈ ትልቅ ረዳት ነው። ነገር ግን ክንድን ሲያሳርፍ ጆሮን የሚያደክም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። አስፈጪዋ ለአጭር ጊዜ ቆማ ትመለሳለች፤ እህል እየጨመረች ዱቄት የምትቀበለው ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት።

ይህች ሠራተኛ ዋጋው 1,000 ዶላር ገደማ ሊደርስ የሚችለውን የአብራሪ ማዳመጫ መግዛት አያስፈልጋትም። ድምፅ አጥፊው መሣሪያ የሚበረታው ባልተቋረጠ ወፍራም ጉምጉምታ ላይ ነው፤ የወፍጮ ቤት ጩኸት ግን ወፍራምም ቀጭንም ድብልቅ ነው። ለዚህ የሚሆነው ለሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ተጠቅልሎ የሚገባ የስፖንጅ መወተፊያ ወይም ጆሮን በሙሉ የሚሸፍን መከላከያ ነው። ስፖንጁ በንጹሕ ጣት ይጠቀለላል፤ በሌላው እጅ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ተደርጎ ይገባል፤ እስኪያብጥም ለግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ተደግፎ ይቆያል።

ባዘቶ ወይም የበግ ፀጉር ጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ መወተፍ ግን አያስተማምንም። የመንዝ እናት ፈትላ ባና የምታሠራበት የበግ ፀጉር ብርድን ይመክታል፤ ጩኸትን አያስቆምም። የስልክ ማዳመጫ አድርጎ ጩኸቱን ለመብለጥ ሙዚቃ ከፍ ማድረግም ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል።

መከላከያ ያደረገች ሠራተኛ ጥሪ ላትሰማ ስለምትችል፣ ከባልደረቦቿ ጋር የእጅ ምልክት መስማማት፣ ነጠላዋንም ከቺንጋው ማራቅ ይኖርባታል።

ጩኸቱን ከምንጩ መቀነስ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ሞተሩን በግድግዳ ለይቶ ማቆም፣ የላላ ቺንጋ ማጥበቅ፣ የተቀደደ ማርሚታ መለወጥ የባለ ወፍጮው ድርሻ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ ሠራተኛዋ መወተፊያ ስትጠይቅ ልመና እንዳቀረበች አይቆጠርም።

ስለ ሕፃናት

በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወፍጮ ቤት የሚቆይ ሕፃን ጩኸቱን ከእርሷ እኩል ይሰማል። «ጆሮዬ ታመመ» ብሎ የሚናገርበት አፍ ግን ገና አልፈታም። የስፖንጅ መወተፊያ ለጨቅላ አይደረግም፤ ሊያንቀውም ይችላል። የሚሻለው ሕፃኑን ቤት ካለ ሰው ጋር መተው ነው። ይህ ካልተቻለ ወረፋውን ከደጅ፣ ራቅ ብሎ መጠበቅ ይጠቅማል። በገላጣ ቦታ ከጩኸቱ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳልና ጥቂት እርምጃም ዋጋ አለው።

ከሥራ በኋላ ጆሮዋ ጭው የሚልባት፣ ወይም ልጇ የሚላትን ደጋግማ የምታስደግም እናት ነገሩን ለድካም ሳትሰጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዳ ትመርመር። የጠፋው የመስማት ኃይል ባይመለስም፣ የቀረውን ማትረፍ ይቻላል።