ግራርና ዘመዶቹ

ግራር የሚባሉት እሾሃማ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የአተርና የባቄላ ዘመዶች ናቸው። አስተኔው 19,500 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩት፣ ከሚያብቡ ዕፅዋት መካከል በዝርያ ብዛት የሚበልጡት የኦርኪድና የሱፍ አስተኔዎች ብቻ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ግራሮች ሁሉ አካሻ በሚል አንድ ወገን ሥር ተመዝግበው ኖረዋል። ዛሬ ግን ያ ወገን ተበትኗል፤ መነሻውም መልክና የዘር ሐረግ የተለያየ ነገር መናገራቸው ነው።

ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 የናይልን ግራር ሚሞሳ ኒሎቲካ ብሎ መዘገበው። በዓመቱ እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሚለር አካሻ የሚለውን ወገን አቋቋመ። ወሰኑን ቁርጥ ያለ ያደረገው ግን በ1842 ጆርጅ ቤንተም ነው። የእሱ መለያ አበባው ላይ ነበር፦ የወንዴ ክሮቹ ብዙ ከሆኑና እርስ በርስ ካልተጣበቁ ተክሉ አካሻ ነው፤ ከታች ተጣብቀው ከሆነ ደግሞ የሰሳ ዛፍ ወገን ወዳለበት ምድብ ይሄዳል። መለያው ለአጠቃቀም ቀላል በመሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የተሰበሰበው ሁሉ እየተጨመረበት የዝርያዎቹ ቁጥር ከ1,300 አለፈ። ይህን ያህል ዝርያ በአንድ የአበባ ምልክት ብቻ ማሰር መጀመሪያውንም አጠራጣሪ ነበር።

ልዩነቱን ለማየት ቅርንጫፍ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ባዘራ ግራር ላይ ቅጠሉ ከሚወጣበት አንጓ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጥ ያሉ እሾሆች ይወጣሉ። እነዚህ ቅጠሉ ሥር የሚበቅሉት ጥንድ ቅጠል መሰል አካሎች ተለውጠው የጠነከሩ ናቸው። አበባውም ድቡልቡል ነው። የሙጫ ምንጭ የሆነው ሴኔጋሊያ ሴኔጋል ግን እሾሁ አጭርና ቆልማማ ሲሆን ከአንጓው ሥር ሦስት ሦስት ሆኖ ይበቅላል፤ የተሠራውም ከላይኛው ልጥ ነው። አበባውም ረዘም ባለ ዘለላ ላይ ይደረደራል። እንግዲህ ሁለቱም ልብስ ይቀድዳሉ እንጂ እሾሃቸው የአንድ አካል ውጤት አይደለም። አብዛኞቹ የአውስትራሊያ ዝርያዎች ደግሞ ጭራሽ እሾህ የላቸውም። ብዙዎቹ ሲያድጉ ቅጠል የሚመስል እንጂ ቅጠል ያልሆነ ነገር ያወጣሉ። በትግራይ በስፋት የተተከለውን አካሻ ሳሊግናን በችግኝነቱ ያየ ሰው ጉዳዩ ይገባዋል፤ መጀመሪያ እንደ ግራር የተከፋፈሉ ጥቃቅን ቅጠሎች ያበቅላል፣ ቆየት ብሎ ቅጠሉን የሚሸከመው ዘንግ እየሰፋ ይሄድና ጥቃቅኖቹ ይቀራሉ፤ በመጨረሻ የቅጠልን ሥራ የሚሠራው ዘንጉ ራሱ ይሆናል።

አውስትራሊያዊው ሌስ ፔድሊ በ1978 አካሻን በሦስት ንዑስ ወገን ከፈለው፤ በ1986 ደግሞ ሦስቱ ራሳቸውን የቻሉ ወገኖች ይሁኑ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ያኔ ብዙ ተቀባይ አላገኘም። ክርክሩን የፈታው ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተጠናከረው የዲኤንኤ ጥናት ነው። ውጤቱ ፔድሊ ካሰበው በላይ ሄደ፦ የቤንተም አካሻ ከአንድ ቅድመ አያት የወረደ ቤተሰብ አልነበረም። የአውስትራሊያዎቹ የቅርብ ዘመድ ሆኖ የተገኘው ክሩ የተጣበቀው ምድብ፣ ማለትም የነሰሳ ወገን ነው።

ለዚህ ከአዊ ዞን የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ቅጠሉ እንደ ባዘራ ግራር በጥቃቅን የተከፋፈለ፣ አበባውም ድቡልቡል ቢጫ ነው፤ እሾህ የለውም እንጂ ለዓይን ግራር ነው። በዘር ሐረግ ግን ለሰፋፊ ዘንጉ ሳሊግና ወንድም፣ ለሰሳ የአጎት ልጅ ያህል ሲሆን ከባዘራ ግራር ጋር ያለው ዝምድና የራቀ ነው።

ስለዚህ ወገኑ ተከፋፈለ። ቀጥ ያለ ጥንድ እሾህ ያላቸው ቫቼሊያ፣ ቆልማማ እሾህ ያላቸው በአብዛኛው ሴኔጋሊያ ተባሉ፤ በአሜሪካ አህጉር የሚገኙት አካሺዬላና ማሪዮሶሳም ለየብቻቸው ወጡ። ያስቸገረው አካሻ የሚለውን ስም ማን ይውሰድ የሚለው ነበር። በዕፅዋት ስያሜ ደንብ ስሙ የወገኑ መለያ ናሙና የሆነውን ዝርያ ተከትሎ ይሄዳል፤ ናሙናው ደግሞ የናይል ግራር ነበር። ደንቡ እንዳለ ቢሠራ አንድ ሺህ ገደማ የአውስትራሊያ ዝርያዎች ስም መለወጥ ነበረባቸው። ኦርቻርድና ማዝሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ናሙናው በአውስትራሊያዊ ዝርያ ይተካ ሲሉ ጠየቁ። በ2005 በቪየና በተደረገው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ ከግማሽ በላይ ድምፅ ተቃወመ። ይሁንና ሐሳቡን ለመጣል 60 በመቶ ያስፈልግ ስለነበር ጸደቀ። በ2011 የሜልበርኑ ጉባኤ አጸናው። ከስም ለውጥ ብዛት አንጻር ውሳኔው ምክንያታዊ ነው፤ ተቃዋሚው በልጦ ሳለ የጸደቀበት መንገድ ግን አፍሪካውያኑን ማስከፋቱ አይገርምም።

በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው ዛፍ ግን ከእነዚህ ወገኖች በየትኛውም አልገባም። ጥንድ ቀጥ ያለ እሾሁ ቫቼሊያ ያስመስለዋል፣ ረጅሙ የአበባ ዘለላው ደግሞ ሴኔጋሊያን፤ የወንዴ ክሮቹ ከሥር ትንሽ የተጣበቁ ናቸው። በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል፤ በዚህም የተነሳ በቢሾፍቱ አካባቢ ሰብል ከሥሩ ጥላ ሳይጋርደው ይበቅላል። ፈረንሳዊው ሸቫሊዬ በ1934 ፌድሄርቢያ የሚል የራሱን ወገን ሰጥቶት ነበር፤ ዲኤንኤውም ከግራሮቹ ይልቅ ወደነሰሳ ምድብ ያስጠጋዋል።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተመዘገቡበት መጽሐፍ ሦስተኛ ቅጽ በ1989 ሲታተም ክፍፍሉ ገና አልጸደቀም ነበርና ሁሉንም ግራር አካሻ ይላል። በዚያን ጊዜ አካሻ አቢሲኒካ ተብሎ የተጻፈውና ዛሬ ቫቼሊያ አቢሲኒካ የሚባለው ያው ባዘራ ግራር ነው።