ችቦ፦ የቡሄ ዋዜማ መብራት

ነሐሴ 12 ቀን ማታ የደቡብ ጎንደር ደጋ ዝናብና ብርድ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉናም ከእሷ አይርቅም። ወረድ ብላ፣ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ይፋግ ብርዱ ይቀላል እንጂ ዝናቡ ያው ነው። ችቦ የሚበራው እንዲህ ባለ ምሽት ነው።

ማግስቱ፣ ነሐሴ 13፣ ሕዝቡ ቡሄ የሚለው የደብረ ታቦር በዓል ነው። ክርስቶስ በታቦር ተራራ በጴጥሮስ፣ በያዕቆብና በዮሐንስ ፊት ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት መታሰቢያ ሲሆን፣ ከተማዋም የተሰየመችው በዚሁ የገሊላ ተራራ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ብርሃኑ ስለበዛ እረኞቹ መምሸቱን ሳያውቁ መስክ ላይ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ሙልሙል ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ስለዚህ ችቦ ከጌጥነቱ በፊት ልጅ መፈለጊያ ነው። ዛሬም ሆያ ሆዬ ለሚሉ ልጆች ሙልሙል ይሰጣል።

ችቦ ሲያዩት ደረቅ ጭራሮ በልጥ የታሰረበት ነዶ ነው፤ ጥበቡ ግን ብዙ ነው። በነሐሴ ደረቅ እንጨት ስለማይገኝ ቀድሞ ተሰብስቦ ዝናብ ከማይደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ እርጥቡ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ሲታሰር ከጠበቀ አየር አጥቶ ይታፈናል፤ ከላላ ፈጥኖ ያልቃል፣ ፍሙም ይረግፋል። አያያዙም ልማድ ይጠይቃል፦ ቀጥ ብሎ ሲያዝ እሳቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከተዘቀዘቀ ግን ነበልባሉ ገና ያልነደደውን ስለሚልሰው ይፈጥናል፣ እጅም ያቃጥላል።

የችቦ ልዩነት ከሌላ አገር መብራት ጋር ሲነጻጸር ይታያል። በቻይና በጨረቃ አቆጣጠራቸው የመጀመሪያው ወር በ15ኛው ቀን የፋኖስ በዓል ይከበራል። የእነሱ መብራት በወረቀት ወይም በሐር ተሸፍኖ ከነፋስ ይጠበቃል። ችቦ ግን ሽፋን የለውም፤ አንዱ ሲጠፋ ከጎረቤቱ ይለኮሳል። ብቻውን የወጣ ችቦ ዝናብ ሲመታው ያበቃል፤ ብዙ ሆነው ሲወጡ ግን ብርሃኑ አይቋረጥም።

ቡሄ በደብረ ታቦር አደባባይ ሲደምቅ ማየት ደስ ያሰኛል። ያ ድምቀት ግን የሚጀምረው ከየቤቱ ነው። ማሰር የማይችል ልጅ የሰው ችቦ ያያል እንጂ የራሱን አያበራም። እንጨቱ ክረምት ሳይገባ ይሰብሰብ፤ ልጡንም ታላላቆች እያሳዩ ልጆቹ ራሳቸው ያጥብቁት።