ቆጠራና ነገራ፦ በውስጣችን ስላለው ሐያሲ



የሌሎችን ልቦለድ በመሔስ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የራሴ አጭር ልቦለድ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ለ11 ዓመት ቆሞ ነበር። ችግሩ የሐሳብ ድርቀት አልነበረም፤ ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ በውስጤ ያለው ሐያሲ ይሰርዘው ነበር። ድርሰት «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» እያለ ወደፊት ይመለከታል፤ ሒስ የተጻፈውን ይመረምራል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ብዕር ይቆማል።

መፍትሔውን ከቅኔ ቤት ተማርሁ። የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ ለብቻው ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። የቆጠራና የነገራ ጊዜ የተለያየ ነው። ጀማሪውም የሚነሣው ከባለሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እንጂ ከመወድስ አይደለም።

ስለዚህ በቀን አንድ ትዕይንት ብቻ፣ ሳልሰርዝ፣ መጻፍ ጀመርሁ፤ ያጠራጠረኝን በኅዳጉ ምልክት አድርጌበት አልፋለሁ። ከሳምንት በኋላ ድምፄን አሰምቼ አነብበዋለሁ። ያን ጊዜ «ችሎታ አለኝን?» አልልም፤ «ይህ ገጸ ባሕርይ ምን ይፈልጋል? ምንስ ከለከለው?» እላለሁ። የፊተኛው ጥያቄ ጸሐፊውን ይከስሳል፤ የኋለኛው ጽሑፉን ያርማል።

ይሁንና ደራሲ ለራሱ ሥራ የመጨረሻ ዳኛ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. የሞተው ፍራንዝ ካፍካ ያልታተሙ ጽሑፎቹ እንዲቃጠሉ ለወዳጁ ለማክስ ብሮድ አሳስቦ ነበር። ብሮድ አላቃጠለም፤ በ1925 «ዴር ፕሮሴስ» የተባለውን ልቦለድ አሳተመ። ለነገራ የሚሆን አንድ ታማኝ አንባቢ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

የእኔ ልቦለድ ባለፈው ክረምት ተጠናቀቀ። ጉድለት አለበት፤ አሁን ግን ሊታረም ይችላል። ያልተጻፈ አይታረምምና።