የዘንዶ ገዳዮች ሒሳብ

በኢንተርኔት በቡድን በሚካሄዱ ጌሞች ውስጥ ዘንዶ ከመግደል ይልቅ የሚከብደው ምርኮውን መከፋፈል ነው። መፍትሔው ከሒሳብ የመጣ በመሆኑ፣ የሒሳብ ተማሪ ወደ እንዲህ ያለ የተጫዋቾች ማኅበር ሲገባ ቶሎ ተፈላጊ ይሆናል።

በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ኤቨርኩዌስት የተባለ ጌም ሁለት ስመ ጥር ዘንዶዎች ነበሩት፤ እሳተኛው ናጋፌንና የበረዶዋ ቮክስ። እነርሱን ለመጣል ብዙ ተጫዋች በቀጠሮ ይሰባሰባል፤ ዘንዶው ሲወድቅ የሚገኘው ግን ጥቂት ዕቃ ነው። በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትም ኦኒክሲያ የተባለችውን ዘንዶ እስከ 40 ሰው በአንድነት እንዲገጥማት ተደርጎ ተሠራ።

የትኛው ዕቃ እንደሚወድቅ የሚወስነው ዕድል ነው። እዚህ ላይ ተጫዋቾች በብዛት የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ 1 በመቶ ዕድል ያለው ዕቃ መቶ ጊዜ ከተሞከረ የግድ ይገኛል ብለው ያምናሉ። እውነቱ ሌላ ነው። ዕቃው በአንድ ሙከራ ያለመውደቁ ዕድል 0.99 ነው፤ ይህ ቁጥር መቶ ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.366 ገደማ ይሆናል። ከመቶ ሰው 37ቱ ያህል መቶ ጊዜ ገድለውም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ ማለት ነው። የማግኘት ዕድሉን 95 በመቶ ለማድረስ 299 ሙከራ ያስፈልጋል። ጌሙ ሆን ተብሎ ካልተሠራበት በቀር ያለፈው ኪሳራ ቀጣዩን ዕድል አያሻሽልም።

የወደቀውንም ዕቃ በዕጣ ማካፈል ቀላል ነበር። ነገር ግን እንደ እቁብ ለሁሉም ተራው እንደሚደርስ ዋስትና ስለሌለው፣ ትናንት የመጣ እንግዳ ወራት የደከመውን አባል ቀድሞ ሊወስድ ይችላል። አፍተርላይፍ የተባለ የኤቨርኩዌስት ማኅበር በዚያው በ1999 «የዘንዶ ግድያ ነጥብ» የተባለውን ሥርዓት ዘረጋ። አባሉ በዘመቻ በተገኘ ቁጥር ነጥብ ይመዘገብለታል፤ ዕቃ ሲወድቅ በነጥቡ ይገዛል ወይም ይጫረታል።

ነጥቡ ገንዘብ ሆነ፤ የገንዘብ ሕመምም ተከተለው። በየዘመቻው አዲስ ነጥብ ይፈጠራል፣ ዕቃው ግን በዚያ መጠን አይጨምርም። ነባሮቹ ያጠራቀሙትን ይዘው ጨረታውን ሲያንሩት አዲስ ገቢው ከዳር ይቀራል።

አንዱ መድኃኒት ድምሩን ዜሮ ማድረግ ነው። 40 ሰው በዘመተበት አንዱ በ39 ነጥብ ሰይፍ ቢገዛ ከእርሱ 39 ይቀነሳል፤ ለቀሩት 39 ሰዎች አንዳንድ ነጥብ ይታደላል። በመዝገቡ ያለው ጠቅላላ ነጥብ አይለወጥም። ድክመቱ፣ ነጥቡ ከዜሮ በታች ወርዶ ዕዳ ያለበት አባል ጥሎ ሲሄድ ሚዛኑ መፍረሱ ነው።

ሌላው መድኃኒት ነጥብን በየጊዜው መሸርሸር ነው፤ የሒሳቡ ውበትም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። በየሳምንቱ ከቀደመው ነጥብ 10 በመቶ ተቀንሶ 50 አዲስ ቢጨመር፣ አባሉ ከ50 ወደ 95፣ ከዚያም ወደ 135.5 ይወጣል። የቱንም ያህል ዓመት ቢቆይ ግን 500 አይሞላም። ይህ የጂኦሜትሪክ ተከታታይ ድምር ነው፤ ጣሪያው የሚገኘው 50ን ለ0.1 በማካፈል ነው። አዲስ አባል በ22 ሳምንት ከጣሪያው 90 በመቶ ያልፋል። ቅናሹ 20 በመቶ ቢሆን ጣሪያው 250 ይሆናል፤ አዲሱም በ11 ሳምንት ብቻ ነባሮቹን ይጠጋል።

ከ10 እና ከ20 የትኛው ይሻላል የሚለውን ሒሳብ አይመልስም። አንዱ ለነባር ድካም ያደላል፣ ሌላው ለአዲስ ገቢ፤ ምርጫው የማኅበሩ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር የሚቀላቀል የሒሳብ ተማሪ ግን ቁጥሮቹን በግልጽ ሠንጠረዥ አስፍሮ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለአባላት ሁሉ ያሳይ።